የወናፉና የጸሎት ቤቱ ሰዎች፤ ቤተ እስራኤልና የሸዋ ባለ እጆች

ከአንኮበርና ከመንዝ አፋፍ ላይ ቆሞ ወደ ምሥራቅ ለሚመለከት ሰው፣ የይፋት ቆላ ከእግሩ ሥር እስከ አፋር ሜዳ ድረስ ተዘርግቶ ይታየዋል። ሸዋ ሮቢት የተቆረቆረችው በዚሁ ቆላ፣ በሮቢ ወንዝ አጠገብ፣ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚዘልቀው አውራ ጎዳና ላይ ነው። ከመኪናው መንገድም ሆነ ከከተማይቱ አስቀድሞ ግን ይፋት የገበያ አገር ነበር። ደገኛው ገብሱን ጭኖ፣ በጉን ነድቶ ይወርዳል፤ ቆለኛው ማሽላውንና ጥጡን ይዞ ይጠብቀዋል፤ አርጎባው የሸመነውን ሸማ፣ አፋሩ ከበረሃ ያመጣውን ጨው ያቀርባል። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከአንኮበር ሥር የሚገኘው የአሊዩ አምባ ገበያ፣ ከባሕር ጠረፍ የሚመጣው የሲራራ ነጋዴና የሸዋ ገበሬ የሚገናኙበት ስመ ጥር ገበያ እንደነበረ የዘመኑ መንገደኞች ጽፈዋል።

በዚህ ሁሉ ልውውጥ መካከል ስሙ የማይነሳ አንድ ሰው አለ። ገበሬው ማሽላውን ያበቀለው በማረሻ ነው፤ ማረሻውን የቀጠቀጠው ማን ነው? እህሉ የታጨደው በማጭድ፣ እንጀራው የተጋገረው በምጣድ፣ ጠላው የተጠመቀው በጋን ነው፤ ማጭዱን የሳለው፣ ምጣዱንና ጋኑን የሠራችው እነማን ናቸው? የነገሥታቱ ዜና መዋዕል የጦር ሜዳውን እንጂ ጦሩ የተሠራበትን ምድጃ አይተርክም። ስለሆነም የሸዋን ደጋና የይፋትን ቆላ ታሪክ በሙሉ ለማየት የሚፈልግ ሰው፣ ከአደባባዩ ወደ ወናፉ፣ ከወናፉም ወደ ባለ እጁ የጸሎት ቤት መዝለቅ ይኖርበታል። በዚያም የሚያገኘው ታሪክ ከቤተ እስራኤል ሰፊ ታሪክ ጋር የተያያዘ ነው።

ይፋትና ስሜን በአንድ ዜና መዋዕል

የይፋት ስም በኢትዮጵያ የታሪክ መዛግብት ጎልቶ የሚታየው በወላስማ ሥርወ መንግሥት ዘመን ነው። ከ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማብቂያ ጀምሮ የይፋት ሱልጣኖች ከዘይላ ወደ ደጋው የሚወጣውን የንግድ መንገድ ይዘው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1332 ዓፄ ዓምደ ጽዮን በይፋቱ ገዥ በሰብረዲን ላይ የዘመተበትን ጦርነት የሚተርከው ዜና መዋዕል፣ በዚያው ዘመን ሌላ ጦር ወደ ሰሜን ምዕራብ መላኩንም ያወሳል። ያ ጦር የተላከው በስሜን፣ በወገራ፣ በጸለምትና በጸገዴ በሚኖሩ፣ ጸሐፊው እንደ አይሁድ በሚቆጥራቸው ሰዎች ላይ ነበር። ይፋትና ስሜን በመልክዓ ምድር እጅግ የተራራቁ ናቸው፤ ይሁንና የማዕከላዊውን መንግሥት ሃይማኖትና ግብር ባልተቀበሉ ሕዝቦች ተርታ በአንድ መጽሐፍ ውስጥ ተሰልፈው ይገኛሉ።

ከመቶ ዓመት ገደማ በኋላ ዓፄ ይስሐቅ በእነዚሁ ሰዎች ላይ ድል እንደተቀዳጀና፣ የክርስትናን ጥምቀት የተቀበለ ሁሉ የአባቱን ርስት እንዲወርስ፣ ያልተቀበለ ግን ርስት አልባ እንዲሆን እንደደነገገ በታሪክ ጽሑፍ ተላልፎ ይገኛል። «ፈላሻ» የሚለው ስያሜም ከዚህ ከመፍለስና ከርስት ከመነቀል ሐሳብ ጋር የተያያዘ መሆኑ ይነገራል። ሕዝቡ ራሱን የሚጠራው «ቤተ እስራኤል» ብሎ ስለሆነና ሌላውን ስያሜ እንደ ስድብ ስለሚቆጥረው፣ ተገቢው መጠሪያ ቤተ እስራኤል ነው።

የዓፄ ይስሐቅ ድንጋጌ በአንድ ቀን በሁሉም ሥፍራ የተፈጸመ አይደለም። ቤተ እስራኤል በስሜን ተራሮች ላይ የራሳቸው መሪዎች ነበሯቸው፤ በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከዓፄ ሠርፀ ድንግል፣ በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያም ከዓፄ ሱስንዮስ ጋር መራራ ጦርነት አድርገዋል። እ.ኤ.አ. በ1620ዎቹ መሪያቸው ጌዴዎን ከተገደለ በኋላ የፖለቲካ ነፃነታቸው አከተመ። ከዚያ በኋላ መሬቱን ያጣው ሕዝብ በእጁ ላይ የቀረውን ሀብት፣ ማለትም ሙያውን፣ ይዞ መኖር ነበረበት። በጎንደር ዘመን በግንበኝነትና በአናጺነት፣ በአንጥረኝነትና በሸማኔነት ለቤተ መንግሥቱም ለባላባቱም ለገበሬውም ሠራ። ሴቶቹም ሸክላ ሠሩ።

እዚህ ላይ አንባቢ ልብ ሊለው የሚገባ አንድ አዙሪት አለ። በባላባታዊው ሥርዓት የሰው ክብር የሚለካው በርስቱ ነው፤ ርስት የሌለው ሰው በእጅ ሥራ ይተዳደራል፤ በእጅ ሥራ የሚተዳደር ሰው ይናቃል፤ የተናቀ ሰው ደግሞ ርስት አይገባውም ይባላል። ንቀቱን የሚያጸና እምነትም አልጠፋም። ብረትን በእሳት የሚያለሰልስ፣ አፈርን ወደ ዕቃ የሚለውጥ ሰው ቡዳ ነው፣ በዓይኑ ይበላል፣ ሌሊት ጅብ ይሆናል ተባለ። ገበሬው ቀን በቀጥቃጩ ደጃፍ ማረሻውን ይዞ ይቆማል፤ ሲመሽ ልጁ ቢታመምበት ጥርጣሬው በዚያው ቀጥቃጭ ላይ ይወድቃል። የሠራተኛው እጅ ተፈላጊ፣ ሠራተኛው ራሱ ግን የማይፈለግ ሆኖ ለዘመናት ኖረ።

የጸሎት ቤቱ ሕይወት

እንዲህ ባለ ሁኔታ ውስጥ አንድ ማኅበረሰብ ሳይበተን እንዲቆይ ያደረገው ምንድን ነው? መልሱ በጸሎት ቤቱ ዙሪያ ይገኛል። ቤተ እስራኤል የጸሎት ቤታቸውን መስጊድ ወይም ጸሎት ቤት ይሉታል፤ «መስጊድ» የሚለው ቃል «ሰገደ» ከሚለው የግዕዝ ግሥ የመጣ ነው። ቤቱ በአብዛኛው ከመንደሩ ጎጆዎች ብዙ የማይለይ የሣር ክዳን ቤት ነበር። በውስጡ በግዕዝ በብራና የተጻፈው ኦሪት በክብር ይቀመጣል። ቄሱ ጸሎቱን የሚያደርሰው በግዕዝ ሲሆን፣ ለሕዝቡ የሚያብራራው ሕዝቡ በሚናገረው ቋንቋ ነበር።

የማኅበረሰቡ ትውፊት እንደሚለው የምንኩስና ሥርዓታቸውን የመሠረተው በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኖረው አባ ጽብራ ነው። አባ ጽብራ ከሸዋ ወገን የሆነ ክርስቲያን መነኩሴ እንደነበረ፣ ሊያስተምራቸው ሄዶ እምነታቸውን እንደተቀበለ፣ የዓፄ ዘርዓ ያዕቆብ ልጅ የሚባለው ጸጋ አምላክም እንደተከተለው ይተረካል። ትረካው የትውፊት እንጂ የሰነድ ባይሆንም፣ ትልቅ ቁም ነገር ይዟል። ማኅበረሰቡ ከመምህራኑ ሁሉ የላቀ ሥፍራ የሰጠው ከውጭ ለመጣ ሰው ነው። ደሙን ሳይሆን ትምህርቱንና ኑሮውን መዝኖ ተቀብሎታል።

ለቤተ እስራኤል የሳምንቱ ዘውድ ሰንበት ነበረች። «ትእዛዘ ሰንበት» በተባለው የግዕዝ መጽሐፋቸው ሰንበት በሴት አካል ተመስላ፣ በፈጣሪ ፊት ቆማ ስለ ኃጢአተኞች የምትለምን ሆና ትታያለች። ዓርብ ከቀትር በኋላ ወናፉ ዝም ይላል፤ መዶሻና ጉጠት ይቀመጣሉ፤ ውኃ ይቀዳል፤ ምግብ አስቀድሞ ይዘጋጃል። ከፀሐይ ግባት በኋላ እሳት አይነድም። ስድስት ቀን ከእሳት አጠገብ የማይለይ ቀጥቃጭ፣ በሰባተኛው ቀን እሳቱን አጥፍቶ ሲቀመጥ፣ ያ ዕረፍት ሃይማኖታዊ ትእዛዝ ብቻ አልነበረም። ጊዜው የጌታው ሳይሆን የራሱ መሆኑን የሚያውቅበት ቀን ነበር። በበዓላትና በሰንበት ከየቤቱ የመጣው ዳቦና ጠላ ተባርኮ በአንድነት ይበላል፤ ይዞ የመጣውም ባዶ እጁን የመጣውም እኩል ይቀምሳል። ጠብ የተነሳ እንደሆነ ቄሶቹና ሽማግሌዎቹ ተቀምጠው ይዳኛሉ፤ የሞተውን ማኅበረሰቡ ይቀብራል፤ ሐዘንተኛውን ያጽናናል፤ ተዝካሩን በአንድነት ያወጣል።

ከዓመቱ በዓላት መካከል ይህን የአንድነት ሕይወት ከሁሉ አጉልቶ የሚያሳየው ሰግድ ነው። ሰግድ ከአስተስርዮ ጾም በኋላ በ50ኛው ቀን፣ በአብዛኛው በኅዳር ወር፣ ይከበር ነበር። ሕዝቡ ልብሱን አጥቦ፣ ጾሞ፣ ከየመንደሩ ተሰብስቦ ቄሶቹን ተከትሎ ወደ ተራራ ይወጣል። ኦሪቱ በክብር ይያዛል፤ ብዙዎቹ የትሕትና ምልክት የሆነ ድንጋይ ይሸከማሉ። በተራራው ላይ ሕጉ ይነበባል፤ ሕዝቡ ከባቢሎን ምርኮ ከተመለሱ በኋላ ነህምያና ዕዝራ ቃል ኪዳኑን ያደሱበት ታሪክ ይሰማል። ከቀትር በኋላ ሕዝቡ በመለከትና በእልልታ ይወርዳል፤ ጾሙ ይፈሰካል፤ ዘፈኑና ጭፈራው ይቀጥላል። በጎንደር አካባቢ በነበረው በአምቦበር መንደር ይህ በዓል በተለይ በድምቀት ይከበር ነበር። በየቋጥኙና በየሸለቆው የተበታተነው ባለ እጅ በዓመት አንድ ጊዜ ብዛቱን አይቶ፣ ብቻውን አለመሆኑን አረጋግጦ የሚመለሰው ከዚያ ተራራ ላይ ነበር።

ይህ ሁሉ ሲባል የማኅበሩን ሕይወት እንከን የለሽ አድርጎ ማቅረብ ለታሪክ አይበጅም። ቤተ እስራኤል የመንጻት ሥርዓታቸውን እጅግ ያጠብቁ ነበር። ከሌላው እምነት ሰው ጋር የተነካካ ሰው ሳይታጠብ ወደ ቤቱ አይገባም፤ ይህም ጎረቤቶቻቸው «አትንኩኝ» የሚል ስም እንዲያወጡላቸው አድርጓል። ሴት በወር አበባዋ ጊዜ ከመንደሩ ፈንጠር ባለች የመርገም ጎጆ፣ በወለደችም ጊዜ በአራስ ጎጆ ለብቻዋ ትቀመጥ ነበር። አጥሩን ከውጭ ንቀት፣ ከውስጥ ደግሞ የንጽሕና ሕግ እያጠበቀው ስለሄደ፣ ሁለት ጎረቤታሞች አንዱ የሌላውን እንጀራ ሳይቀምስ ዘመን ተቆጠረ።

ከዚህም የከበደ ጉዳይ አለ። ከማኅበረሰቡ መካከል የባሪያ ሥርዓቱ በሰፈነበት ዘመን አገልጋዮችን የያዙ ነበሩ። እነዚህ አገልጋዮች ወደ እምነቱ እንዲገቡ ቢደረግም፣ ከሌላው ጋር በእኩልነት አይቆጠሩም ነበር፤ ጋብቻም አይፈቀድላቸውም። የተናቀ ሕዝብ በራሱ ቤት ውስጥ ሌላ የተናቀ ሰው ማኖሩ፣ ጭቆና ከላይ ወደ ታች እንዴት እንደሚንቆረቆር ያሳያል። የአንድ ጉባኤ ክፍትነት የሚለካው ለጠንካራው እንግዳ በከፈተው በር ብቻ ሳይሆን፣ በጓዳው ለሚኖረው ደካማ በሰጠው ሥፍራም ነው።

በአንኮበር ዙሪያ የነበሩት ጠይቦች

የሸዋው ታሪክ ከጎንደሩ የሚለይበት ዋናው ነገር ምሥጢሩ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1839 እስከ 1842 በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን በሸዋ የተቀመጠው ጀርመናዊው ሚሲዮናዊ ክራፕፍ፣ ከእርሱም ጥቂት ዘግይቶ የብሪታንያን መልእክት ይዞ የመጣው ሻምበል ሐሪስ፣ በአንኮበር አካባቢ ስለሚኖሩ «ጠቢባን» ጽፈዋል። እንደ ጽሑፎቹ አገላለጽ እነዚህ ሰዎች በአንጥረኝነትና በሌላም የእጅ ሥራ የታወቁ፣ በጫካ ውስጥ ለብቻቸው የሚኖሩ መነኮሳት ያሏቸው፣ ከውጭ ሲታዩ ክርስቲያን የሚመስሉ፣ በስውር ግን የአይሁድን ሥርዓት ይጠብቃሉ ተብለው የሚጠረጠሩ ነበሩ። ሕዝቡ እንደ አስማተኛ ይፈራቸዋል፤ ንጉሡ ግን ሙያቸውን ይፈልገዋል።

በመንዝ፣ በሞረት፣ በተጉለትና በይፋት አፋፍ የሚኖሩት ባለ እጆች ስለ ራሳቸው የሚተርኩት ከዚህ ጋር ይቀራረባል። አባቶቻቸው ከሰሜን፣ ከጎንደርና ከአካባቢው፣ በጦርነትና በሥራ ፍለጋ ወደ ሸዋ እንደመጡ ይናገራሉ። ተመራማሪዎች ስለ ትውልድ ሐረጋቸው አንድ ዓይነት አስተያየት የላቸውም። የኑሯቸው መልክ ግን በግልጽ የሚታይ ነው። ወንዶቹ ብረት ይቀጠቅጣሉ፣ ሸማ ይሠራሉ፤ ሴቶቹ ሸክላ ይሠራሉ። እርስ በርሳቸው ይጋባሉ። ሙታናቸውን ለመቅበርና ልጆቻቸውን ከጥቃት ለመጠበቅ ሲሉ የአካባቢውን ቤተ ክርስቲያን ልማድ በአደባባይ ይከተላሉ፤ ቅዳሜን ግን በጓዳቸው ያከብራሉ፤ ከሰው ርቀው የሚጸልዩባቸው የብሕትውና ሥፍራዎችም አሏቸው። ጎንደሬው ወገናቸው በግልጽ ለይቶ የኖረውን እነርሱ ሸፍነው ኖሩት።

ይህ ሽፋን ፍርሃት ብቻ ወይም ማስመሰል ብቻ ተብሎ ሊታለፍ አይገባም። የሸዋ ነገሥታት ግዛት እየተጠናከረ በሄደበት፣ በ1870ዎቹ ዓ.ም. መግቢያ ዓፄ ዮሐንስና ንጉሥ ምኒልክ ከቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ የሃይማኖትን አንድነት በአዋጅ ለማጽናት በተነሱበት ዘመን፣ ከአውራ ጎዳናው ዳር የሚኖር መሬት አልባ ቀጥቃጭ ምርጫው ጠባብ ነበር። ለስሜኑ ሰው የሚሸሽበት አምባ ነበረው፤ ለሸዋው ባለ እጅ አምባው የገዛ ቤቱ ጓዳ ሆነ። ዝምታው የትግል ስልት ነበር። ይሁን እንጂ ዋጋ አስከፍሏል፤ የተጻፈ ነገር አልተረፈም፤ ብዙው ትምህርት ከአባት ወደ ልጅ በሹክሹክታ እየተላለፈ ተሸራርፏል።

አዲስ አበባ በተቆረቆረች ጊዜ ከሰሜን ሸዋ ባለ እጆች መካከል ለቤተ መንግሥቱ ሥራ ወደ እንጦጦና ወደ አዲሱ ከተማ የመጡ እንዳሉ የቀጨኔ ነዋሪዎች ይተርካሉ። ከእንጦጦ ግርጌ ያለው የቀጨኔ ሠፈር የሸክላ ሠሪዎችና የሸማኔዎች ሠፈር ሆኖ የቆየው በዚህ ምክንያት ነው ይላሉ። የአዲስ አበባ እመቤት ቡናዋን ያፈላችበት ጀበና፣ ወጥዋን የሠራችበት ድስት ከቀጨኔ ሴቶች እጅ የወጣ ነው። ጀበናው በየሳሎኑ የክብር ቦታ ያዘ፤ የሠራችው ሴት ግን ሸክላዋን በጀርባዋ አዝላ ወደ ገበያ ስትወርድ በስድብ ትጠራ ነበር።

መንግሥትም ቢሆን ችግሩን አልሳተውም። ዓፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ፣ አንጥረኛውን፣ ሸማኔውን፣ ፋቂውንና ሌላውንም ባለ ሙያ በሥራው የሚሳደብን ሰው ገሠጹ፤ ሰው ሁሉ ከአዳምና ከሔዋን የተወለደ መሆኑን አስታወሱ፤ ሠራተኛን መስደብ ንጉሡን እንደ መስደብ እንደሚቆጠር አስታወቁ። አዋጁ በኢትዮጵያ የሥራ ታሪክ ውስጥ ትልቅ ሥፍራ ያለው ነው። ሆኖም መሬቱ በባላባቱ እጅ፣ ባለ እጁም መሬት አልባ ሆኖ እስከቀጠለ ድረስ፣ አዋጁ አፍን እንጂ ልብን ሊያስተካክል አልቻለም። የስድቡ ሥር ቃሉ ላይ ሳይሆን ርስቱ ላይ ነበርና።

ከጸሎት ቤት ወደ ትምህርት ቤትና ወደ አደባባይ

በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ የአውሮፓ ሚሲዮናውያን ወደ ቤተ እስራኤል መንደሮች መዝለቃቸው አዲስ ፈተና አመጣ። እ.ኤ.አ. በ1862 አባ መሐሪ የተባሉ መነኩሴ ብዙ ሕዝብ አስከትለው ቀይ ባሕርን ተሻግረው ኢየሩሳሌም ለመድረስ ተነሱ፤ በመንገድ ላይ ረኃብና በሽታ ብዙውን ሰው ፈጀ። ከዚያም ከ1888 እስከ 1892 የዘለቀው ክፉ ቀን ማኅበረሰቡን እጅግ አመነመነው። እ.ኤ.አ. በ1867 ዮሴፍ ሃሌቪ፣ በ1904 ደግሞ ዣክ ፋይትሎቪች ወደ ኢትዮጵያ መምጣታቸው ቤተ እስራኤልን ከተቀረው የአይሁድ ዓለም ጋር አስተዋወቀ።

ከዚህ ግንኙነት ያደገው ፍሬ ትምህርት ነበር። ፋይትሎቪች ይዟቸው ከሄደው ወጣቶች አንዱ ታምራት አማኑኤል በፈረንሳይና በጣሊያን ተምሮ ተመለሰ፤ በ1916 ዓ.ም. ገደማ በአዲስ አበባ የተከፈተውንም የቤተ እስራኤል ትምህርት ቤት መራ። የፋሺስት ወረራ ትምህርት ቤቱን አዘጋው፤ ታምራትም ተሰደደ። ከድል በኋላ ግን ወደ አገሩ ተመልሶ በመንግሥት ሥራ አገለገለ። ከዚያው ትውልድ የሆነው ዮና ቦጋለ ደግሞ በመንደሮቹ ለተከፈቱት ትምህርት ቤቶች ዕድሜውን ሰጠ፤ ለወገኖቹ መብትም ሲከራከር ኖሮ እ.ኤ.አ. በ1987 አረፈ። እነዚህ ሰዎች ሰሌዳውን ከጸሎት ቤቱ አጠገብ አቆሙት፤ የቀጥቃጩና የሸክላ ሠሪዋ ልጅ ብዕር እንዲይዝ አደረጉ።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ፣ ከዓፄ ይስሐቅ ድንጋጌ ወዲህ ለአምስት መቶ ዓመታት የዘለቀውን ጉዳይ ነካ። በአዋጁ መሠረት ሃይማኖቱና ሙያው ሳይጠየቅ በእጁ የሚያርስ ሁሉ መሬት የመያዝ መብት አገኘ። ባለ እጆችም በኅብረት ሥራ ማኅበራት እንዲደራጁ ተደረገ። ይሁን እንጂ መብቱ በወረቀት ከመታወጁ ጋር ንቀቱ በአንድ ሌሊት አልጠፋም። በጎንደር በሥርዓቱ ተቃዋሚዎችና በመንግሥት ጦር መካከል የተካሄደው ግጭት የቤተ እስራኤልን መንደሮች ጎድቷል። የሃይማኖት ትምህርትና የዕብራይስጥ ቋንቋ ትምህርትም በደርጉ ዘመን ብርቱ ገደብ ተጥሎበት ነበር። መሬቱን የሰጠው እጅ መጽሐፉን መያዙ የዘመኑ ተቃርኖ ነው።

ከዚህ በኋላ የሆነው በዓለም ሁሉ የታወቀ ነው። በ1970ዎቹ ዓ.ም. ብዙ ሺህ ሰዎች በእግራቸው ወደ ሱዳን ተጓዙ፤ አራት ሺህ ያህሉ በመንገድና በመጠለያ ሠፈር እንደሞቱ ይገመታል። ከኅዳር እስከ ታኅሣሥ 1977 ዓ.ም. በተካሄደው የሙሴ ዘመቻ ከተረፉት ብዙዎቹ ወደ እስራኤል ተወሰዱ። ግንቦት 16 እና 17 ቀን 1983 ዓ.ም. ደግሞ በሰሎሞን ዘመቻ፣ ሁለት ቀን ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ከ14,000 በላይ ሰዎች ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ተጓጓዙ።

በአዲሱ አገርም የጉባኤው ትግል አላበቃም። አይሁድነታቸውን የተጠራጠሩ የሃይማኖት ባለሥልጣናት እንደ አዲስ የመንጻት ሥርዓት እንዲፈጽሙ በጠየቋቸው ጊዜ፣ ቄሶችና ወጣቶች እ.ኤ.አ. በ1985 በኢየሩሳሌም ለሳምንታት በአደባባይ ተቀምጠው ተቃወሙ። በ1996 የለገሱት ደም በስውር ይጣል እንደነበር በታወቀ ጊዜ በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች ሰልፍ ወጡ። በ2008 የእስራኤል ምክር ቤት ሰግድን ብሔራዊ በዓል አድርጎ ደነገገው። በአምቦበር ተራራ ላይ በሣር ክዳን መንደሮች ሰዎች ይከበር የነበረው በዓል፣ በኢየሩሳሌም ኮረብታ ላይ የሚከበር በዓል ሆነ። ድንጋይ ተሸክሞ ተራራ የወጣ ሕዝብ፣ ጥያቄውንም ተሸክሞ አደባባይ ወጣ።

የሸዋው ጥያቄ

የሸዋ ባለ እጆች በሙሴም ሆነ በሰሎሞን ዘመቻ አልተቆጠሩም፤ ተሸፍነው ነበርና የሚቆጥራቸው አልነበረም። ከቅርብ ዐሥርት ዓመታት ወዲህ ግን በቀጨኔና በሰሜን ሸዋ የሚኖሩ ወጣቶች ስለ ታሪካቸው በግልጽ መናገር ጀምረዋል። ከመካከላቸው በግልጽ የሚጸልዩበት ቤት የከፈቱ አሉ። ይህ እርምጃ በማኅበረሰቡ ውስጥ ክርክር አስነስቷል። ሽማግሌዎቹ «አባቶቻችን ያዳኑን በዝምታ ነው፤ የተገለጠ ነገር ይመታል» ይላሉ። ወጣቶቹ ደግሞ «የተሸፈነ ነገር ይረሳል፤ ልጆቻችን ማን እንደሆኑ ሳያውቁ እንዲያድጉ አንፈቅድም» ሲሉ ይመልሳሉ። ሁለቱም ወገኖች የሚናገሩት ከእውነት ተነስተው ነው። ሽማግሌዎቹ ያለፈውን አደጋ፣ ወጣቶቹ የሚመጣውን ኪሳራ ያያሉ።

ክርክሩን የሚፈታው ግን የጸሎት ቤቱ ጉባኤ ብቻውን አይደለም። ባለ እጁ የተሸሸገው ሊሸሸግ ስለወደደ ሳይሆን ጎረቤቱ ስላስፈራው ነው። እንግዲያውስ በሩን መክፈት የሁለት ወገን ሥራ ነው፤ ከውስጥ መቀርቀሪያውን የሚያነሳ፣ ከውጭም ድንጋይ የማይወረውር ሰው ያስፈልጋል። መምህሩ በክፍሉ ስለ ጎንደር ግንብ ሲያስተምር የገነቡትን እጆች ቢያነሳ፣ ሠዓሊው ጀበናውን ሲስል ጀበናውን የሠራችውን ሴት ቢያስታውስ፣ ጸሐፊው ቡዳ የሚለውን ቃል በታሪኩ ውስጥ ሲያስገባ ቃሉ የስንት ሰው ኑሮ እንዳበላሸ ቢመረምር፣ ከአዋጅ ይልቅ ይህ ልብን ይነካል። በቤተ መዘክር የሚቀመጥ እንስራም ቢሆን የተሠራበት አገር ብቻ ሳይሆን የሠሪዎቹ ማኅበረሰብ ስም ቢጻፍበት፣ ለዘመናት የተነፈገ ዕዳ በጥቂቱ ይከፈላል።

የይፋት ገበያ ለዚህ ጥሩ ትምህርት ቤት ነው። በዚያ ገበያ እስላሙና ክርስቲያኑ፣ ደገኛውና ቆለኛው፣ አርሶ አደሩና አርብቶ አደሩ ሲገናኙ ኖረዋል፤ ቋንቋቸው ቢለያይም በዋጋ ተግባብተዋል፤ በሐዘንና በደስታም ተጠያይቀዋል። በዚያ ገበያ ላይ ማረሻው ሁልጊዜ ነበረ። የጎደለው የማረሻው ባለቤት ከሌሎቹ ጋር እኩል ተቀምጦ፣ ስሙን ጠርቶ፣ ሰንበቱን ሳይደብቅ የሚኖርበት ሥፍራ ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለውን ተረት ሕዝቡ አብዝቶ ይተርተዋል፤ ድሩን የሚያደራው ሸማኔ ከማኅበሩ ውጭ ተቀምጦ እስከቀረ ድረስ ግን ተረቱ ሙሉ አይሆንም።